የእትዬ ሉባባ የማያድግ ሱቅ

በ2071 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሲገናኝ እንዲህ ነበር የሚጠያየቀው፦ «እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ባለድርሻዎች ደህና?» መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ከዚያ ድምፅ ዝቅ ይልና «አስራ አራት ወር ይቀረኛል» ይባላል። የሚቀረው ዕድሜ አይደለም፤ ባለሀብቶቹ የሰጡት ገንዘብ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ነው። ሰዉ ግን ሁለቱን ለይቶ ማሰብ ከተወ ሰንብቷል።

ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ነገር በአያቶቻቸው ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ኮምፒውተር የሚነካኩ ወጣቶች ብቻ የሚያውቁት ነበር አሉ። አሁን እንደ ውሃና እንደ መብራት በየቀበሌው መስኮት አለው። ፀጉር አስተካካዩ ባለሀብት አለው። ጎማ ጠጋኙ አለው። ድንኳን አከራዩ በሰባት ዓመት ውስጥ መቶ እጥፍ አድጋለሁ ብሎ ፈርሟል፤ መቶ እጥፍ ሰርግ ከየት እንደሚመጣ ግን እስካሁን አልነገረንም። ያደገ ያድጋል። ያላደገ ይወድቃል። መውደቅ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ባለሀብቶቹ ራሳቸው ኬክ ይልካሉ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «እንኳን ወደቅክ» ይላል፣ የወደቀው ሰውም በሳምንቱ ሌላ ሐሳብ ይዞ መስኮቱ ጋ ይሰለፋል።

የሚያሳፍረው ቋሚ መሆን ነው። ቋሚ የሚባለው የማያድግም የማይወድቅም ሰው ነው።

ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሉባባ ቋሚ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት አራት ሜትር በሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የስፌት መኪና፣ ዚፕ ስትቀይር፣ ሱሪ ስታሳጥር፣ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ኖራለች። በየሱቁ በር ላይ የሚቀረውን ወር የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ የእሷ ሰሌዳ ላይ ግን ያለችው አንዲት ሰረዝ ናት። ጎረቤት ስለ እሷ ሲያወራ «ደግ ሴት ናት፣ እጇም ንጹህ ነው፣ ግን ቋሚ ናት» ይላል፤ «ግን ስኳር አለባት» እንደሚባለው።

በሚያዝያ መጨረሻ ከቀበሌው ደብዳቤ መጣላት። የመንገዱ ክፍሎች በሙሉ ከግንቦት ጀምሮ ባለሀብት ላላቸው ብቻ ይሰጣሉ። የእሷ ክፍል የሚበር ቅርጫት ለምትሠራ ወጣት ተመድቧል። ወይዘሮ ሉባባ የሚያድግ ነገር ካላቸው ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በቀበሌው አዳራሽ ባለሀብቶቹ ፊት ቀርበው ማስረዳት ይችላሉ። ደብዳቤው «መልካም ዕድገት» ብሎ ይጨርሳል።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአዳራሹ በፊት ጎረቤቷ ጋሽ ይማም ቤት መሄድ ነበረባት፤ ወድቆ ነበርና። ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። በነጭ ክሬም የድርጅቱ ስም ተጽፎበታል።

«እንኳን ወደቅክ ጋሽ ይማም።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን። ሦስተኛዬ ነው» አለ ይማም፣ ቢላዋውን እያነሳ። «ቁጭ በይ፣ ከስሙ ላይ ልቁረጥልሽ።»

«ጥላው ምን ሆኖብህ ነው? ይሠራ አልነበር እንዴ?»

«ይሠራል እንጂ። ፀሐይ ሲበረታ ባለቤቱን እየተከተለ ያጠላል። ችግሩ የተሻለ የለበሰ ሰው ካየ እሱን ይከተላል። ስንት ሰው ፀሐይ ላይ ጥሎ የሐኪም ጥላ ሆኖ ቀረ መሰለሽ።»

ሉባባ ሳቀች፤ ኬኩን ግን አልነካችውም። ይማም አያት። ሰውየው ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሦስት ጊዜ ወድቋል፣ ስለ ባለሀብት ከእሱ በላይ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም። ኬኩን ገፋ አደረገና ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

«ስሚኝ። ገንዘቡ ብድር አይደለም። መልሺ አይሉሽም። ብትወድቂ ቤትሽን አይሸጡም።»

«ታዲያ ምን እናገኛለን ብለው ነው?»

«ከሥራሽ ላይ ድርሻ ይገዛሉ። እንበል ሩቡን። ከዚያ አብረውሽ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ ይመክሩሻል፣ ይነተርኩሻል። ሥራው ሲገዝፍ ድርሻቸውን በውድ ሸጠው ይሄዳሉ። አስር ሰው ላይ ነው የሚዘሩት። ሰባቱ ይደርቃል፣ ሁለቱ ያዘግማል፣ አንዱ ግን ዋርካ ይሆናል፤ ያ አንዱ የአስሩን ኪሳራ ይሸፍናል። ስለዚህ ዋርካ ነው የሚፈልጉት። ደህና ቁጥቋጦ አይፈልጉም።»

«እኔ ደግሞ ደህና ቁጥቋጦ ነኝ።»

«ዛሬ አይደለሽም። ዛሬ ዋርካ ነሽ። ‹ትንሽ› የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ኢንሻአላህን በልብሽ በያት። ‹ታድጊያለሽ ወይ?› ሲሉሽ ‹አዎ› ብለሽ ዝም። አየሽ፣ እነሱ እርግጠኛ ሰው ይወዳሉ፤ እርግጠኛ የሚያደርግ ነገር ባይኖርም።»

ይማም ብዙ ነገር ነገራት። አንድ ነገር ግን ሳይነግራት ቀረ። ጠፍቶት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር መነገር ያስፈልገዋል ብሎ አላሰበም።

ሉባባ ወደ አዳራሹ ይዛው የምትሄደው ነገር ማሰሪያ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ስድሳ ዓመት ሲሞላው ኢንሹራንስ አጋዥ እግር ይሰጠዋል፤ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚታሰር፣ ዳገቱን እንደ ጎረምሳ የሚያስወጣ። ቆሞ ለሚሄድ ሰው ግሩም ነገር ነው። ለመንበርከክ ግን አስራ አንድ ዘለበት መፍታት አለ፣ ሲጨርሱ አስራ አንዱን መልሶ ማሰር አለ። ስለዚህ አረጋውያኑ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ወንበር ላይ ሆነው መስገድ ጀመሩ። ይማም አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ፣ «ጌታዬ ፊት እንደ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ወንበር ላይ ተደላድዬ እቀመጣለሁ፤ ጉዳይ ያመጣልኝ ነው የሚመስለው» ብሎ አማረረ።

ሉባባ ሳቀችና ዘለበቶቹን አየቻቸው። ከዚያ ጥጥ ጨርቅ በሰያፍ ቆረጠች፣ በመሀሉ ላስቲክ አስገብታ ደርባ ሰፋችው። በዘለበቶቹ ፋንታ ጉልበት ሲታጠፍ የሚለቅ፣ ሲዘረጋ የሚይዝ እስኪሆን ድረስ ሰባት ወር ፈጀባት፤ በነዚህ ሰባት ወራት የይማም ጉልበት ስንት ጊዜ ምንጣፍ እንደሳመ ይማምና ሉባባ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። አሁን በሰፈሩ አስራ አንድ ሰው አስሮታል። እሷ ግን ይህን ንግድ ብላው አታውቅም። ለጎረቤት የተደረገ ነገር ነበር።

አዳራሹ ደጃፍ አርባ የሚያህል ሰው ተሰልፎ የየራሱን ንግግር ያነበንባል፤ ፈተና የደረሰበት ትምህርት ቤት ይመስላል። አንዱ ለቅሶ ደራሾችን በተራ የሚያስገባ ነገር ይዟል። የሉባባ ክፍል የተመደበላት ወጣትም አለች፤ ቅርጫቷ ከትከሻዋ በላይ እያንዣበበ ወረቀቷን ትከልሳለች። ሉባባን ስታያት በአክብሮት ጎንበስ ብላ «ባለድርሻዎች ደህና ናቸው እናቴ?» አለቻት።

«ገና አልተወለዱም» አለች ሉባባ።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ወይዘሪት ሶልያና ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ናይሮቢ አድጋ ናይሮቢ ተምራ የመጣች፣ ፈጣን፣ ቀልጣፋ። አቶ ኪሩቤል በዕድሜ ገፋ ያለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሰማ ሰው ነው። ሦስተኛው መዝጋቢው ነው፤ አካል የለውም፣ ከጣሪያው የሚወርድ ለስላሳ ድምፅ ብቻ። እሱ የመዘገበው ነገር ሕግ ነው።

«ዘጠኝ ደቂቃ አለዎት» አለ መዝጋቢው።

«እኔ እንኳን ትንሽ ነገር ነው ይዤ የመጣሁት» አለች ሉባባ።

ለምስክርነት አብሯት የገባው ይማም ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ በኋላ ግን ንግግር አላስፈለገም። ይማም በአጋዥ እግሩ ወደ መሀል ወጣ፣ ቆመ፣ እጁን አነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ዘለበት ሳይነካ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። እዚያም ቆየ። ለማሳየት ከሚያስፈልገው በላይ ነው የቆየው፤ ሰውየው ረስቶት ይሆናል። ከዚያ እጁን ምንም ላይ ሳያሳርፍ ተነስቶ ቆመ።

ኪሩቤል አንገቱ ቀና ብሏል። «እባክዎ ይድገሙት» አለ።

ደገመው። ሦስተኛ ጊዜም ሳይጠየቅ ደገመው።

«ለማን ነው የሚሆነው?» አለች ሶልያና። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ስባለች።

«ለሚሰግድ ሁሉ ነዋ። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም። ጎንበስ ብሎ ጎመን ለሚኮተኩትም፣ የልጅ ልጁን ጫማ ለሚያስርም።»

መዝጋቢው ግድግዳው ላይ ቁጥር ማውጣት ጀመረ። አጋዥ እግር ያላቸውን ሰዎች ነው የሚቆጥረው፤ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ካይሮ፣ ላሆር፣ ጃካርታ። ቁጥሩ እየተንከባለለ ሲያድግ ሉባባ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር አብሮ ሲንከባለል ተሰማት። በዚያች አራት በሦስት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ በዚያ በሰያፍ በተቆረጠ ጨርቅ፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እግር የሚሆን ነገር ይዛ ኖሯል። ጉንጯ ጋለ። ዋርካ መሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው ማለት ነው፣ አለች በልቧ።

ሁለቱ ባለሀብቶች ተያዩ። ሶልያና ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«አርባ ሚሊዮን ብር እናፈሳለን። ሠላሳ በመቶ ድርሻ እንወስዳለን።»

ሉባባ ሰማች፣ ተረዳች፣ ደስታ ከእግር ጥፍሯ እስከ ፀጉሯ ወረራት። አፏ ግን እናቷ ቤት ነው ያደገው። ሰው ሳህንሽ ላይ ሊጨምርልሽ ሲል እጅሽን ሳህኑ ላይ ታደርጊያለሽ፤ የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትልሻለች፤ አሁንም እጅሽን አታነሺም፤ «አፈር ስሆን» ትልሻለች፤ ያኔ ተገደሽ ትቀበያለሽ። በመጀመሪያው የተቀበለ ሰው ለሰባት ቤት ወሬ ነው። ሉባባ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አለች፦

«ኧረ አይገባም። ይሄን ሁሉ? በዛ፣ በዛ፤ ተዉት።»

«ወይዘሮ ሉባባ አልተቀበሉም» አለ መዝጋቢው። «የመጀመሪያው ሐሳብ ተዘግቷል። ሁለት ይቀራል።»

ሉባባ ፈገግ ብላ «በሞቴ» እስኪሏት ጠበቀች። የሚላት አልነበረም። ሶልያና ወደ ኪሩቤል ዘንበል ብላ አንሾካሾከች፤ አዳራሹ ግን ባዶ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

«ሌላ ባለሀብት አላት።»

«አርባ ሚሊዮን ብሬን እንደ ትርፍ ቅቤ ነው የገፋችው» አለ ኪሩቤል በአድናቆት። «የደሴዎቹ ቀድመውን ይሆናል።»

«ስልሳ ሚሊዮን» አለች ሶልያና ዞር ብላ። «ሃያ በመቶ።»

ሁለተኛው እምቢታ ከመጀመሪያው ለስለስ ማለት አለበት፤ እጅም ከሳህኑ ላይ ሊነሳ ነው ለማለት ያህል ከፍ ይላል። «አይ፣ አስቸገርኳችሁ» አለች ሉባባ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ። «ከመጣሁበት በላይ ነው፤ እኔን ይበቃኛል።»

«አልተቀበሉም። የሚቀረው የመጨረሻው ሐሳብ ነው። ካልተቀበሉት መዝገቡ ይዘጋል፣ የሱቅ ክፍሉም ከነገ ጀምሮ ለተረኛዋ ይተላለፋል።»

«ሉባባ» አለ ይማም ከኋላ፣ «እዚህ በሞቴ የሚል ሰው የለም። ሲሰጡሽ ተቀበያቸው—»

«ምስክር መናገር አይፈቀድለትም» አለ መዝጋቢው።

ያኔ ነው የገባት። ሁለት ጊዜ ክፍሏን በገዛ አፏ አሳልፋ ልትሰጥ ነበር፤ ጨዋ ለመባል። አሁን የሚመጣውን ምንም ይሁን ምን እንደምትቀበል ለራሷ ማለች።

ሶልያና ግን ቁጥር አልጠራችም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«እሺ ወይዘሮ ሉባባ። እርስዎ ራስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሱሪው በስንት ይጠር፣ ዚፑ ምን ዓይነት ይሁን ብሎ የሚጠይቅ ነበር፤ እንዲህ ግን አልነበረም። «ስልሳውን ልውሰድ» ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እዚያው ቆመ። ክፍሏ ታየቻት፤ ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ገብቶ መርፌው ላይ የሚያርፈው ብርሃን፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፉት የሰው ወገቦች። ከስልሳው ጋር ክፍሏም አብራ ትፈርማለች። በሰባት ዓመት ወይ መቶ ክፍል ትሆናለች ወይ ኬክ።

«ማሰሪያው ይደግ» አለች። «እንደፈለጋችሁ አሳድጉት። ጃካርታ ድረስ ይሂድ፤ እኔም ሌት ተቀን እሠራለታለሁ። ቢወድቅ ኬኩን አብረን እንበላለን። ሱቄ ግን ውስጡ አይግባ። ሱቄ አያድግም። አይወድቅምም። አራት በሦስት ነው፣ እንደዚያው ይቆያል፣ እስክሞት ድረስ የእኔ ነው። እዚያ ውስጥ ባለድርሻ አልፈልግም።»

«ለዚህ መልስ መዝገቡ ላይ ቦታ የለም» አለ መዝጋቢው።

«ቦታ ክፈትለት» አለ ኪሩቤል።

ባለሀብቶቹ አስራ አንድ ደቂቃ ተነጋገሩ። ይማም አጋዥ እግሩ ላይ እንደቆመ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ሉባባ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ታያለች፤ አሁንም ያድጋል፤ ሰው ሁሉ እያረጀ ነው መሰል። በመጨረሻ ሶልያና ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ስልሳ ሚሊዮን። ሃያ በመቶ። ማሰሪያው ብቻ። ሱቁ ባለበት ይቀጥላል፣ ክፍሉም በስምዎ ይጸናል።»

የሉባባ ቀኝ እጅ ሳይታዘዝ መነሳት ጀመረ። ጠረጴዛው ላይ ሊዘረጋ ነው። ይማም አሳለ፤ ማሳል አልተከለከለም። ሉባባ ቀኝ እጇን በግራ እጇ አፈፍ አድርጋ ያዘችው፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትለመን «እሺ» አለች።

«ተቀብለዋል» አለ መዝጋቢው።

ይማም ወደ ቂብላ ዞረና ተንበረከከ። ይሄኛው ለማስረዳት አልነበረም።

ሉባባ ጓዟን ስትሰበስብ ሶልያና ከወንበሯ ሳትነሳ በሐሳብ ጭልጥ ብላለች። ዓይኗ ውስጥ አዲስ ነገር በርቷል።

«ይሄ የማያድግ ሱቅ ያሉት ነገር» አለች፣ «በዓመት ስንት ቦታ መክፈት ይቻላል?»

«አንድ ነው ያለው» አለች ሉባባ። «እሱም ዛሬ እስካሁን አልተከፈተም።»

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደጃፍ ወጣ። ሰልፈኛው ንግግሩን መሰረዝ ጀመረ። ባለቅርጫቷ ወጣት ወረቀቷ ላይ «የሚበር» ከሚለው ቃል በፊት «የማያድግ» ብላ ጨመረችበት፤ ሌላ ክፍል ተሰጣት፣ ሁለት ቤት አልፎ። በአንድ ወር ውስጥ ኮምቦልቻ ላይ አርባ ሦስት የማያድጉ ድርጅቶች ተመዘገቡ፤ ሁሉም በሰባት ዓመት ውስጥ መቶ ቦታ ላለማደግ ፈርመዋል። ይማም ባለሀብት ፊት እንዴት እምቢ እንደሚባል የሚያስተምር ቤት ከፈተ። እጅ ጠረጴዛ ላይ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዘረጋ፣ ዓይን መቼ ወደ መሬት እንደሚወርድ ያስጠናል። ተማሪው ከደሴም ከወልድያም ይመጣል። «ዘንድሮ መውደቅ አቃተኝ» ይላል ይማም ለሚጠይቀው ሁሉ፣ ቅር ብሎት።

በሰኔ አጋማሽ፣ የማሰሪያው ፋብሪካ ከቦርከና ወንዝ ማዶ መሠረቱ በተጣለ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ ቀትር ላይ ሶልያና ራሷ ወደ ሱቁ መጣች። ስድስት ሰው ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ዚፕ የተበላሸበት፣ ቀሚስ የረዘመባት፣ አጋዥ እግር ያሰሩ ሁለት ሽማግሌዎች። ሶልያና ሁሉንም አልፋ በሩ ላይ ቆመች። በእጇ ከናይሮቢ በተነገራት የጉልበት ልክ የተቆረጠ ክር ይዛለች።

«ለእናቴ ነው፣ እትዬ ሉባባ» አለች። «ነገ ከናይሮቢ ትመጣለች። የፋብሪካውን እስኪያወጡ አልጠብቅም፤ በእጅዎ የተሰፋውን ነው የምፈልገው። አሁን ቢያደርሱልኝ?»

ሉባባ ከመኪናው ቀና ብላ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየቻት። «እሰፋላታለሁ። በደስታ። ከእነሱ በኋላ።»

«ስብሰባ አለብኝ እኮ። ደግሞም...» ሶልያና ፈገግ አለች፣ ትንሽም አፈር አለች፣ «ባለድርሻ ነኝ።»

«የማሰሪያው ነሽ ልጄ» አለች ሉባባ፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከች። «የወረፋው አይደለሽም። እዚያ ዳር ካለው ሰውዬ ቀጥሎ ቁጭ በይ።»

ሰውየው ተጠጋላት። ሶልያና ተቀመጠች።